የአስረበብ ስህተት

ከተማችን ሰው በማክበር የታወቀች ናት። ይህን የምለው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም፤ የሆነውን ልናገር ብዬ ነው። ሌላ አገር አንድ ሰው ጥሩ ነገር ሲሠራ ሰዎች ይጠቀሙበታል፤ እኛ ጋ ይሸለማል። ከገበያው በላይ ኮረብታው ላይ የቆመው የተሸለሙ ሥራዎች አዳራሽ በከተማው ካለ ሕንጻ ሁሉ ይበልጣል። ሆስፒታሉን ሦስት ጊዜ ያህለዋል፤ መስኮቱም ከሆስፒታሉ መስኮት ይልቅ ንጹሕ ነው።

አንድ ሥራ በተሸለመ ዕለት መስተዋት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ደንቡ አጭር ስለሆነ ልጆች በቃላቸው ይወጡታል፦ «የተሸለመ ሥራ የተከበረ ነው፤ የተከበረ ነገር በጥቅም አይረክስም።» በዚህ ምክንያት የተሸለመው ማረሻ አርሶ አያውቅም። የተሸለመው የሳል መድኃኒት አሠራርም እዚያው ተቆልፎበታል፤ እኛም በበዓል ቀን እያሳልን ሄደን እናየዋለን። ቅጂ ያለው ሰው ቅጂውን ያስረክባል። የሥራው ባለቤት ደግሞ «ከእንግዲህ በዚህ ሥራ አልጠቀምም፤ ለማንም አላስረዳም» ብሎ ይፈርማል። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኛ ስቀን አናውቅም።

ከሽልማቶቹ ሁሉ ስመ ጥሩ የለጋ ቀማሪዎች ሽልማት ነው። ቀማሪ የምንለው የፍጥረት ብዛት እንዴት እንደሚጨምርና እንዴት እንደሚጎድል በወረቀት ላይ የሚያሰላውን ሰው ነው። ስንት ቆቅ ቢታደን ቆቅ ከምድሩ እንደሚጠፋ፣ አንበጣ በስንት ቀን እጥፍ እንደሚሆን፣ አንዱንም በዓይኑ ሳያይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይደርስበታል። ለጋ የሚባለው ደግሞ ትምህርቱን ከጨረሰ ሰባት ዓመት ያልሞላው ነው። ሽልማቱ ለለጋዎች ብቻ የሆነበትን ምክንያት የሙገሳ ሹሙ አቶ ልዑልሰገድ ሲያስረዱ፣ «ሰው ሥራው ሳይጠና ቢከበር ይሻላል፤ ከጠና በኋላ ያስቸግራል» ይላሉ።

አስረበብ በቀመር ቤት ከሚሠሩት አንዷ ነበረች። አጠር ያለች፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ፣ ጣቷ ከቀለም ጠርቶ የማያውቅ ሴት ናት። አንድ ነውር ነበረባት፤ ያሰላችውን ነገር ሄዳ ታይ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እሷ ግን በየሳምንቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ሐይቁ ትወርድና የአያ ደምለው ታንኳ ላይ ትወጣለች። አያ ደምለው የዓሣ አስጋሪዎቹ አለቃ ናቸው፤ ሐይቁ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀዝፈዋል።

አራት ዓመት ያሰላችው ስለ ቆሮሶ ዓሣ ነው። ቆሮሶ የሚራባው በሰሜኑ ዳርቻ፣ ሸንበቆው ሥር ነው፤ ሰውም ብዙ ዓሣ የሚያገኘው እዚያው ስለሆነ መረቡን የሚጥለው በመራቢያው ወቅት እዚያው ላይ ነው። የአስረበብ ስሌት እንዲህ ይላል፦ የዓሣው ቁጥር ከአንድ ልክ በታች ከወረደ ወንድና ሴቱ መገናኘት ያቅተዋል፤ ትንንሾቹን የሚጠብቅም ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ መረቡ ሁሉ ተሰብስቦ ቢቃጠል እንኳ መጉደሉ አይቆምም። ወደዚያ ልክ ለመድረስ የቀሩት ሁለት የመራቢያ ወቅቶች ብቻ ነበሩ። ሸንበቆው በየዓመቱ ለሰባ ቀን መረብ ካልነካው ግን ዓሣው ይመለሳል።

«ሰባ ቀን?» አሉ አያ ደምለው፣ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው።

«ሰባ። ባሳንስልዎት ደስ ይለኝ ነበር፤ አላንስ አለኝ።»

«ሰባ ቀን ሙሉ ሰዎቼ ምን ሊበሉ?»

«በደቡቡ በኩል አምባዛ ዓሣ አለ። አያጠግብም። ይርባችኋል አያ፣ አልዋሽዎትም። ግን ከሰባው ቀን በኋላ ዓሣ ይኖራችኋል።»

አያ ደምለው ውሃውን ትክ ብለው አዩት። «እኔም መረቡ ሲቀለኝ ታውቆኛል» አሉ። «ወረቀቱን አምጪልኝና ይነበብላቸው። በአፌ ብነግራቸው ጃጀ ይሉኛል።»

ከቀመር ቤት ያለ ማኅተም ወረቀት አይወጣም። አስረበብ ሥራዋን በንጹሕ ጽፋ ለማኅተም አስገባች። በሦስተኛው ሳምንት አቶ ልዑልሰገድ ሁለት መለከት ነፊ አስከትለው ቤቷ ድረስ መጡ። ወረቀቱን ግን አልያዙም። የያዙት ደብዳቤ ነው፤ «ሥራሽ ለዘንድሮው የለጋ ቀማሪዎች ሽልማት ተመርጧል» ይላል።

መጀመሪያ ደስ አላት። ሰው ናት። እናቷ ወይዘሮ ጥሩዓለም እልል አሉ፤ ጎረቤት ግር ብሎ ገባ። ልጅቷ ምን እንደሠራች የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ምን እንደምትለብስ ነበር የሚጠይቀው። ነገሩ የገባት በማግስቱ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ነው። እጇ ላይ የያዘችውን ውሃ ለቀቀችውና በእርጥብ ፊቷ ወደ አዳራሹ ገሰገሰች።

አዳራሹ ውስጥ አንድ አዛውንት የመስተዋት ሣጥን ይወለውላሉ። መምህር ይኄይስ ናቸው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት በዚሁ ሽልማት የተከበሩ ቀማሪ። የሚወለውሉት የገዛ ሥራቸውን ነው።

«ምን ነበር ሥራዎ?» አለቻቸው።

«ስለ ንብ ነው።»

«ምን ይላል?»

እጃቸው መስተዋቱ ላይ ቆመ። «እንዳላስረዳ ፈርሜያለሁ» አሉ። ከዚያ ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በከተማው ንብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

አስረበብ አሰበች። ያኔ በልጅነቷ፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ትዝ አላላትም። «አላየሁም።»

«እንግዲያው ሥራዬ ትክክል ነበር ማለት ነው» አሉና ወደ መወልወላቸው ተመለሱ።

ከአዳራሹ እንደወጣች ያመራችው ወደ ለጋነት መዝገብ ቤት ነው። ለጋ አለመሆኗን ካረጋገጠች ሽልማቱ ይቀርላታል። መዝጋቢዋ ወይዘሮ ፀዳለ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰነዷን አገላበጡ።

«ትምህርቴን ከጨረስኩ ስምንት ዓመት ከአራት ወር አልፎኛል» አለች አስረበብ። «ደንቡ ሰባት ነው የሚለው። እኔ ለጋ አይደለሁም፤ ሰርዙኝ።»

«ቀስ በይ። በስምንቱ ዓመት ውስጥ ስለ ሥራሽ የጠየቀሽ ሹም አለ?»

«የለም።»

«የቀመር ቤቱ አለቃስ? አንድ ቀን እንኳ ምን ደረስሽ ብሎሽ ያውቃል?»

«እሱም አላለኝም።»

«ማንም ያልሰማሽ ዘመን አይቆጠርም» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ፣ ብዕራቸውን እየነከሩ። «በኛ አቆጣጠር ገና አልጀመርሽም።» «እጅግ ለጋ» የሚል የምስክር ወረቀት ጻፉላት።

አስረበብ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽበታም ሰው አየች። በእጃቸው አሮጌ የለጋነት ወረቀት ይዘዋል፤ ሊያሳድሱት ነው። «እኚህ ሰው እኮ ስድሳ ዓመታቸው ነው!» አለች።

«እሳቸውንማ ማን ሰምቷቸው ያውቃል?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

የቀረው አቶ ልዑልሰገድን መለመን ነበር። አቶ ልዑልሰገድ ልዝብ ሰው ናቸው፤ ተቆጥተው አያውቁም፤ ሰው ሲያነጋግሩ እጁን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። የአስረበብንም እጅ ያዙ።

«ጌታዬ፣ ሽልማቱ ሁለት ዓመት ይቆይልኝ» አለች።

«ምነው ልጄ?»

«ዓሣው እያለቀ ነው።»

«እኛስ ያደነቅነው ይህንኑ አይደል! ማለቁን እንዴት አሳምረሽ እንዳሰላሽው! ከዳኞቹ ሁለቱ አልቅሰዋል።»

«ካለቀሱ መረቡ ይነሳ ይበሉና።»

«እሱ የሌላ ቢሮ ነው። እዚህ ከወለል እስከ ጣሪያ ሙገሳ ብቻ ነው።»

«አልቀበልም ብልስ?»

«አልቀበልም ማለት ትሕትና ነው» አሉ አቶ ልዑልሰገድ፣ እጇን ይበልጥ እያሞቁ። «ለትሕትና ሌላ ሜዳሊያ አለን። ልጄ፣ በቢሮው ታሪክ ከመስተዋቱ የቀረ ሥራ የለም። ስህተት ሆኖ ካልተገኘ በቀር፤ እሱም ደርሶ አያውቅም፤ ዳኞቻችን ስህተት አይመርጡም።» ይህን ብለው ሳቁ። አስረበብም እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

ሽልማቱ የተሰጠው የመራቢያው ወቅት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። እኔም ነበርኩ፤ ያልነበረ ሰው የለም። ድንኳኑ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የቆሮሶ ጥብስ ተደርድሯል፤ ሆዱ እንቁላል ያዘለ፣ ከሸንበቆው ሥር በዚያው ጠዋት የወጣ። ሰባቱ ዳኞች ካባ ደርበው ከፊት ተቀምጠዋል። አቶ ልዑልሰገድ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲያሞግሱ ዓሣ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አላነሱም። እኛም ባፋችን አጥንት እየለየን አጨበጨብን።

አስረበብ የተውሶ ጫማ ተጫምታ መድረኩ ላይ ወጣች። ወይዘሮ ጥሩዓለም ከፊተኛው ረድፍ ሆነው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ያቺ ልጅ ከዚያ ሥራ በቀር በስሟ የሚጠራ ነገር አልነበራትም። አራት ዓመት ዘመድ ሲያገባ የቀረችው፣ ዓይኗን ያደከመችው ለሱ ነው። ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ሥራዬ ስህተት ነው» አለች።

ማኘክ ቆመ። አቶ ልዑልሰገድ ፈገግታቸውን ሳያወርዱ፣ «ትሕትና...» ብለው ጀመሩ።

«ትሕትና አይደለም። ስሌቱ ተሳስቷል።»

የዳኞቹ ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የቱ ጋ?»

«ሦስተኛው ገጽ ላይ።»

ሦስተኛውን ገጽ የመረጠችው ከሥራዋ ሁሉ የምትኮራው በዚያ ስለሆነ ነው። ዓሣው የማይመለስበት ልክ የተገኘው እዚያ ነው። ከሰባቱ አንድ ሰው እንኳ አንብቦ ገብቶት ከሆነ፣ ብድግ ብሎ «የለም፣ ይኸማ ትክክል ነው» ይለኛል ብላ በልቧ ጠብቃ ነበር። እንዲያ ቢላት ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ ምናልባት ትስመው ነበር።

ሰባቱም ሦስተኛውን ገጽ ገለጡ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔ ጠርጥሬ ነበር» አሉ አንደኛው።

«እኔ ያነበብኩት ዕለት ነው ያየሁት» አሉ ሁለተኛው። «የወጣት ሞራል እንዳይነካ ብዬ ዝም አልኩ።»

ሦስተኛው ሌላም ስህተት አገኙ። አራተኛው ሁለት ጨመሩ። ካለቀሱት አንዱ የነበሩት አምስተኛው፣ ያለቀሱት ስህተቱ አሳዝኗቸው እንደነበር አስረዱ። ሰባተኛው ጋ ሲደርስ በሦስተኛው ገጽ ላይ አሥራ አንድ ስህተት ተቆጥሯል። እኛም ማጨብጨባችንን ትተን መጮህ ጀመርን። እኔም ጮኼአለሁ፤ ማን ላይ እንደምጮህ ግን አላውቅም ነበር።

በየገጹ ላይ «ስህተት» የሚል ቀይ ማኅተም ተመታና ወረቀቱ እዚያው ለአስረበብ ተሰጣት፤ የተሳሳተ ወረቀት በቀመር ቤት አያድርም። እሷም ከቀመር ቤት ተባረረች። ስሟ በገበያው መግቢያ ሰሌዳ ላይ «ከተማውን ያሳፈረች» ተብሎ ተለጠፈ፤ ሰሌዳው አዲስ ነበር፤ ለሷ ሲባል ነው የተሠራው። ወይዘሮ ጥሩዓለም ገበያ መውጣት ተዉ።

«ዝም ብለሽ ብትቀበይ ምን ነበረበት?» አሏት አንድ ቀን፣ ምስር እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ። «አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው እናት ብታሳድሪኝ?»

አስረበብ አብራቸው ቁጭ ብላ ምስሩን ለቀመች።

አያ ደምለው የመጡት በማግስቱ ነው። በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ቢባሉም አልገቡ። «ልጄ፣ እስቲ ዓይኔን እይኝ» አሉ። «እውነት ተሳስተሻል?»

አስረበብ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ መድረኩ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ። «አልተሳሳትኩም አያ። ግን እባክዎን ለማንም አይንገሩ። ትክክል ነው ከተባለ ይወስዱታል።» በየገጹ ቀይ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አምጥታ ሰጠቻቸው።

አያ ደምለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄ እንግዲህ የኛ ነው?»

«የናንተ ነው። ስለ ስህተት ደንቡ ምንም አይልም።»

አስጋሪዎቹ ወረቀቱን ሲያዩ ተንጫጩ። «ስህተት የተባለ ነገር ይዘን ሰባ ቀን እንራብ?» አሉ። አያ ደምለው ታንኳቸው ላይ ቆመው፣ «ትክክል የተባለውን ሁሉ እናውቀዋለን፤ መስተዋት ውስጥ ነው» አሉ። «ይኼኛው እጃችን ላይ ነው።» ከዚያ በኋላ ሸንበቆው ዙሪያ እንጨት ተተከለ፤ መረብም ተነሳ።

እነዚያ ሰባ ቀናት ለአስረበብ ከመድረኩ ይልቅ ከበዷት። ወረቀት ላይ «ይርባቸዋል» ብሎ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የራበው ሰው በጠዋት ሲያልፍ «እንዴት አደርሽ» ሲል መስማት ሌላ ነው። ካባ የለበሱ ሰባት ሰዎች ስህተት ነው ያሉትን ነገር ብቻዋን ትክክል ነው ስትል መኖርም ቀላል አይደለም። ሦስተኛውን ገጽ አምስት ጊዜ እንደገና አሰላችው። አምስቱንም ጊዜ ያው ወጣ፤ እሷ ግን አላመነችውም። በአርባ አንደኛው ቀን የአያ ደምለው የእህት ልጅ ሸንበቆው ውስጥ መረብ ሲጥል ተያዘ። አያ ደምለው መረቡን በሰው ፊት በቢላዋ ቀደዱት፤ ከዚያ ከራሳቸው ድርሻ አምባዛ አንሥተው ሰጡትና ጀርባቸውን አዙረው ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ዓመት ምንም የታየ ነገር የለም። ሁለት ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ አገር ለቀቀ። በሁለተኛው ዓመት ሸንበቆው ሥር ጣት የማያህሉ ዓሣዎች ውሃውን አጠቆሩት። በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት አያ ደምለው መረባቸውን ሲስቡ አልሳብ አላቸው። ድንጋይ የያዘ መስሏቸው ሰደቡት። ድንጋይ አልነበረም። ታንኳው ውስጥ የነበረችው አስረበብ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቀረች።

የዚያ ዓመት የለጋ ቀማሪዎች ሽልማት ኮሪደሩ ላይ ላየቻቸው ሽበታም ሰው ተሰጠ። ሥራቸው ዓሣ በሌለበት ሐይቅ ዓሣ እንደማይገኝ ያረጋግጣል። ዳኞቹ ሁሉ ገብቷቸዋል።

መምህር ይኄይስ ደግሞ አንድ ቀን ወደ ሙገሳ ቢሮ ሄደው፣ «የኔም ሥራ ስህተት ነበር፤ አውጡልኝ» አሉ። «ሃያ ዓመት የተወለወለ ነገር ስህተት ሊሆን አይችልም» ተብለው ተመለሱ። ጨርቃቸውን ደጃፉ ላይ ጥለው ወጡና ወደ ሐይቁ ወረዱ። አሁን ከአስረበብ ጋር መረብ ይጠግናሉ። ስለ ንቡ ግን አሁንም አይናገሩም፤ ፈርመዋል፤ ደግሞስ አሁን ማንን ሊጠቅም።

ዓሣው ከተማውን ሲያጠግብ ቢሮው መጠርጠሩ አልቀረም። አቶ ልዑልሰገድ መለከት ነፊዎቻቸውን አስከትለው ወደ ሐይቁ ወረዱ። ስህተት የተባለ ሥራ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ተመልሶ ሊሸለም ይገባል የሚል አዲስ አንቀጽ ወጥቷል። ስለዚህ በየዓመቱ የሥራው ባለቤት ትጠየቃለች።

«ልጄ፣ ሥራሽ አሁንም ስህተት ነው?» ይላሉ አቶ ልዑልሰገድ።

«አሁንም ስህተት ነው» ትላለች አስረበብ።

ከኋላዋ አስጋሪዎቹ ዓሣ በቅርጫት በቅርጫት ያወርዳሉ። ዓሣው እግራቸው ሥር ይፈራገጣል፤ አቶ ልዑልሰገድም ካባቸው እንዳይረጥብ ሰብሰብ ያደርጋሉ። እሷ ትፈርማለች። ስሟ ሰሌዳው ላይ ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ይቆያል። ወይዘሮ ጥሩዓለም አሁን ገበያ ይወጣሉ፤ በዚያ በኩል ግን አያልፉም።

ዘንድሮም መጡ። ጠየቁ፤ መለሰች፤ ፈረመች። አቶ ልዑልሰገድ ግን ወረቀታቸውን አጥፈው እንደ ወትሮው አልሄዱም። መለከት ነፊዎቹን ወደ መኪናው ላኩና ጠጋ አሏት። በሁለት እጃቸው እጇን ያዙ።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እርሻዬ ላይ ግሪሳ ወፍ ገብቶብኛል። ማሽላዬን ከሦስት ዓመት ወዲህ አልቀመስኩትም። ሰው እንዳይሰማ ሆኖ... ስለ ግሪሳ አንድ ስህተት ብትሠሪልኝ?»

አስረበብ ወደ ሸንበቆው ዳር አመለከተቻቸው። እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሦስት ሰዎች ካባቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠውበታል። ሦስቱም ዳኞች ናቸው።

«ተራ ይያዙ ጌታዬ» አለቻቸው። «እነሱ ቀድመውዎታል።»

አቶ ልዑልሰገድ ሄደው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።